አባባ፣ ለጥያቄህ መልስ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እማማስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔም፣ ባለቤቴም፣ ልጄም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እዚህ ብርዱ ገብቷል። የደሴን የኅዳር ጠዋት ያስታውሰኛል፤ የጦሳ ተራራ ጉም ብቻ ነው የቀረው።

ባለፈው በስልክ የጠየቅከኝን በቅጡ አልመለስኩልህም። «ልጄ፣ ድንጋይ አታነሳ፣ ሚስማር አትመታ፤ ቀኑን ሙሉ ስብሰባና ወረቀት ነው ትለኛለህ። ይኼ ሥራ ደስ ይልሃል ወይ?» ነበር ያልከኝ። መስመሩ ሲቆራረጥ «ደስ ይለኛል» ብዬ ዘጋሁት። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እውነተኛው መልስ ረጅም ነው። የደበቅኩህም ነገር አለበት።

ሥራዬ የግንባታ ፕሮጀክት ማናጀርነት ነው፤ ከአንተ በላይ የሚረዳው ሰው የለም። ባለቤቱ ገንዘብና ሐሳብ አለው። አርክቴክቱ ንድፉን ይሰጣል። ቧንቧ ሠራተኛው፣ ኤሌክትሪሺያኑ፣ ቀለም ቀቢው ሁሉም የየራሱን ያውቃል። ማን ከማን በኋላ ይገባል፣ ዕቃው መቼ ይደርሳል፣ ገንዘቡ ይበቃል ወይ የሚለውን የሚይዘው ፕሮጀክት ማናጀሩ ነው። ትምህርቱን ስጀምር ክሪቲካል ፓዝ የሚባል ዘዴ አስተማሩን። በ1957 እ.ኤ.አ. ዱፖንት የሚባለው የኬሚካል ኩባንያ ሰዎች ናቸው የጀመሩት፤ ኩባንያው እዚሁ ጎረቤታችን ደላዌር ነው። ሥራዎቹን በቅደም ተከተል ትደረድርና፣ አንድ ቀን ቢዘገዩ ጠቅላላውን ሥራ የሚያዘገዩትን ትለያለህ። ዓይንህን ከነሱ አትነቅልም። ሌሎቹ ተማሪዎች ሲከብዳቸው እኔ ወዲያው ገባኝ። «አሸዋው ነገ ካልመጣ ሐሙስ አንሞላም፤ ሐሙስ ካልሞላን ግንበኞቹ ሰኞ ሥራ ይፈታሉ» እያልክ እራት ላይ ለእማማ ስታሰላ ነው ያደግኩት።

ከፓርኪንግ ሥራ ወደ ሳይት፣ ከሳይት ወደ ቢሮ እንዴት እንደተሻገርኩ ታውቃለህ። በ2014 ዓ.ም. ፒኤምፒ የሚባለውን የፕሮጀክት ማናጀሮች የሙያ ማረጋገጫ ፈተና ወሰድኩ። ያኔ 180 ጥያቄ ነበር፣ በ230 ደቂቃ። ያለፍኩ ቀን እማማ በስልክ እልል ስትል ቢሮ ያለው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። ደመወዜም ከፍ አለ። ከዚህ ወዲያ ሰው ሆንኩ፣ አረፍኩ ብዬ ነበር።

አባባ፣ በ2016 ዓ.ም. ስልክ ሳላነሳ የቀረሁባቸው ወራት ነበሩ። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አልኳችሁ። ታምሜ ነበር።

ያኔ ሌላ ድርጅት ውስጥ ነበርኩ፤ የትምህርት ቤት ማስፋፊያ ይዤ። ከኮቪድ ወዲህ እዚህ አገር ዋናው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ታዝዞ እስኪመጣ ከዓመት በላይ የሚፈጅበት ጊዜ አለ። የኛም በተባለው ቀን እንደማይደርስ በጥቅምት አውቄያለሁ። አለቃዬ መስማት የሚፈልገው «ይደርሳል» የሚለውን ነበር። እኔም ይደርሳል አልኩ። በሳምንቱም ደገምኩት። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሁሉ ያችን ቃል ለመሸፈን መሯሯጥ ሆነ። ስልኬን ትራስ ሥር አድርጌ መተኛት ጀመርኩ። ሌሊት ነቅቼ ኢሜይል አያለሁ። የልጄ ልደት ቀን ኬኩ ሲቆረስ እኔ መኪና ውስጥ ከአቅራቢው ጋር በስልክ እከራከራለሁ። አንድ ጠዋት ደረጃ ስወጣ ደረቴን ጨመደደኝ። ሐኪም ቤት የደም ግፊቴ 170 በ110 ሆኖ ተገኘ።

ሐኪሟ ልቤን መርምራ ደህና ነው አለችኝ። ከዚያ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. የሥራ መታከት ብሎ የገለጸው ነገር ሦስት ምልክት አለው። ጉልበት ተሟጥጦ ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅ፣ ሥራን እንደ ቀድሞው በብቃት መሥራት አለመቻል። እሷ ስትዘረዝር እኔ አንገቴን እየነቀነቅኩ ነበር። በሽታ አይደለም፤ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ነው አለችኝ። አልነገርኳችሁም፣ ይቅር በለኝ። እማማ ስትጨነቅ እንደምትሆነው አውቃለሁ። ይህን ስታነብላት ቀስ ብለህ ንገራት፤ አሁን ግፊቴ ተስተካክሏል።

ያንን ድርጅት ለቅቄ አሁን ወዳለሁበት ገባሁ። የሰጡኝ የሰፈር ጤና ጣቢያ እድሳት ነበር። አራተኛው ወር ላይ የማቀዝቀዣው ማሽን እንደሚዘገይ ሰማሁ። ሌሊቱን አንተን ሳስብ አደርኩ። ባለ ሕንፃው ቆሞ «የኮንክሪቱን ጣውላ ንቀለው፣ ደርቋል» ሲልህ፣ አንተ ኮፍያህን አውልቀህ «ጌታዬ፣ ቀኑን ይጨርስ፤ 28 ቀን ውሃ እናጠጣዋለን» ያልክበትን ቀን አስታወስኩ። ሰውዬው ጮኸብህ። አንተ አልጮህክም፤ ጣውላውንም አልነቀልክም።

ጠዋት ስብሰባ ላይ «በተባለው ቀን አይደርስም፤ ሁለት ወር ይዘገያል» አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ የጤና ጣቢያዋ ኃላፊ «አሁን መስማቴ ጥሩ ነው፤ ነርሶቹን የምቀጥርበትን ቀን አዘዋውራለሁ» አለች። በቃ። ያን ማታ እስኪነጋ ተኛሁ። ሥራዬን መውደድ የጀመርኩት ያን ቀን ነው፤ ፈተናውን ካለፍኩበት ቀን አይደለም።

አሁን ስልኬን ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ አላነሳም። ለአለቆቼም ነግሬያቸዋለሁ። ዓርብ ዓርብ ጠዋት ወረቀቴን ትቼ ሳይቱን እዞራለሁ፣ ምሳም ከሠራተኞቹ ጋር እበላለሁ። ብዙዎቹ የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ናቸው። አንዱ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ሰው አገሩ ለእናቱ የሚያሠራውን ቤት በስልኩ አሳየኝ፤ ጣሪያ ቀርቶታል። እኔም የኛን ቤት አሳየሁት። እንደዚህ ያለ ምሳ ከብዙ ስብሰባ ይበልጥብኛል። የማን ሥራ የት እንደተያዘም የማውቀው እዚያ ነው።

የእህቴ ልጅ ይህንኑ ለመማር እንደሚፈልግ ጻፈልኝ። ይማር፣ ጥሩ ሙያ ነው። ግን መጀመሪያ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይት ላይ ይዋል። አቧራውን ያልቀመሰ ሰው ቀን ቆርጦ ለሌላው ሲሰጥ አይከብደውም፤ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ጤና ጣቢያው በመስከረም ተከፈተ። በሳምንቱ ከሥራ ስመለስ ገባ ብዬ መጠበቂያው ክፍል ተቀመጥኩ። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ተራ ይጠብቃሉ። ማን እንደሆንኩ አያውቁም። «ወንበሩ ይመቻል» አሉ ለልጃቸው። ያ ወንበር በመስኮቱ በኩል እንዲሆን ሁለት ስብሰባ ተከራክሬበታለሁ፤ ፀሐይ እንዲገባበት ብዬ።

ደሴ ሆጤ ሰፈር የሠራኸው ቦኖ ትዝ አለኝ። ባለፍን ቁጥር ትቆምና ውሃውን ከፍተህ ታያለህ፣ መልሰህ ትዘጋለህ። እኔ እጅህን እየጎተትኩ «አባባ፣ አልጠማህም እኮ» እልህ ነበር። አሁን ምን ታደርግ እንደነበር ገብቶኛል።

መነጽርህን ለመቀየር የሚሆን ገንዘብ ልኬያለሁ፤ ለሌላ ነገር እንዳታውለው። የጎረቤታችን ልጅ ለገና መጥቶ ይመለሳል። የእማማን በርበሬ ይዞልኝ ሲመጣ፣ ካላስቸገርኩህ፣ ሣጥንህ ውስጥ ያለውን፣ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን የምታይበትን አሮጌውን ቱንቢ አብረህ ላክልኝ። ሲባጎው ቢበጠስም ግድ የለም፤ እዚህ እቀጥልለታለሁ። ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ቦታ አዘጋጅቼለታለሁ።

እጅህን እስማለሁ። እማማን ሳምልኝ።

ልጅህ