ካሜራውን ወደ ግድግዳው አዙሩት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንዴት ሰነበታችሁ? ጋዜጣችሁን ደብረ ብርሃን ላይ ከወዳጄ ሱቅ እየተዋስኩ የማነብ ሠዓሊ ነኝ። ዛሬ ልወቅሳችሁ ነው፤ አትቀየሙኝ።

የጥበብ ሰው ሲታመም የምትጽፉትን ልብ ብዬ አይቼዋለሁ። አልጋ ላይ የተኛበት ፎቶ ይወጣል። «የወገን ያለህ» ይባላል። ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይከተላል። ርዱት ማለታችሁ ደግ ነው፤ እኔም አቅሜ የፈቀደውን በቴሌብር ልኬ አውቃለሁ። ግን ሰውዬው ምን ሠርቷል? ሲታመም ምን ጀምሮ ነበር? እሱ የለም። አንባቢው የሰውዬውን ኩላሊት አውቆ ሥራውን ሳያውቅ ገጹን ይገልጣል።

ነገሩ ራሴ ላይ ስለደረሰ ነው የምናገረው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው የምሠራው፤ አቡጀዲ ላይ ሥዬ ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ከአንኮበር መንገድ ገባ ብላ ያለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሥራ ይዤ ሳለ ዓይኔ ደከመ። መጀመሪያ ብርዱ መሰለኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ እዚህ ሁሉንም በብርድ ማሳበብ ልማዳችን ነው። ከዚያ መብራቱ ሁሉ ዙሪያውን ጭጋግ ይለብስ ጀመር። ቀለም የሚያቀብለኝ ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሰማያዊ ነው» ሲለኝ አረንጓዴ ነው ብዬ ተጣልቼዋለሁ። ልጁ ልክ ነበር።

የዓይን ሞራ ነው ተባልኩ፣ በሁለቱም። ሐኪሟ ስታስረዳኝ፣ ዓይን ውስጥ ያለችው ሌንስ እንደ ንጹሕ መስታወት ነበረች፣ አሁን ደፍርሳ ቡናማ ሆናለች አለችኝ። የአንኮበሩ ልጅ አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት ባለ ቀለም መስታወት ትዝ አለኝ። 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ብርሃን ከጀርባው ሲገባበት ነው ነፍስ የሚዘራው። እኔ ደግሞ ዓለሙን ሁሉ ጠጅ በሞላው ብርሌ አሻግሬ ሳይ ኖሬያለሁ።

ቀዶ ሕክምናው እንደፈራሁት አልነበረም። አደንዝዘው የደፈረሰውን አወጡና ሰው ሠራሽ ሌንስ ተኩ፤ ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ያንገበገበኝ ቀጠሮው ነው። አንድ የጤና ተቋም ሦስት ጊዜ «ሌንስ አልቋል» ብሎ መለሰኝ። እስከዚያው ግን መሣል አላቆምኩም፤ የቀለም ቱቦዎቹ ላይ ክር አሰርኩ። አንድ ቋጠሮ ቀይ፣ ሁለት ቋጠሮ ቢጫ፣ ሦስት ቋጠሮ ሰማያዊ።

አንዱ ዓይኔ ብቻ በተሠራ ሰሞን ልጆቹ ሳቁብኝ። በኛ ሥዕል ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው የሚሣለው። «ጋሼ፣ አሁን እርስዎን ከይሁዳ ጎን ነው የምንሥልዎት» አሉኝ። ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ።

ከዚያ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። አይ ጉድ! የእመቤታችን መጎናጸፊያ ሰማያዊው ዓይን ይወጋል። ደብዝዞ እየታየኝ ያን ሁሉ ወር ሰማያዊ ላይ ሰማያዊ ስደርብ ከርሜያለሁ። አዲሱን ዓይኔን ሸፍኜ በአሮጌው ሳየው አመድማ አረንጓዴ ነው። እዚያው ቆሜ አንዱን ስሸፍን አንዱን ስገልጥ ዋልኩ።

ላስተካክለው ስል አስተዳዳሪው «ተወው፣ ምእመኑ ለምዶታል» አሉኝ። ተውኩት። እነዚያ ሰዎች ናቸው ያተረፉኝ። ብር አላዋጡልኝም፤ ግን ቀብዱን መልስ አላሉኝም፣ ሥራውንም ለሌላ አልሰጡብኝም። እንቅልፍ የነሣኝ የሕክምናው ወጪ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ «ሥራው ለሌላ ሊሰጥ ነው» የሚለው ወሬ ነበር። «ዓይንህ ሲድን ትጨርሰዋለህ» አሉኝ፣ በቃ።

ስለዚህ የሒሳብ ቁጥሩን አትተዉት። ግን ከላዩ ሁለት መስመር ጨምሩበት፤ ምን ሠርቷል፣ የት ይታያል፣ የሚሸጥ ሥራ አለው ወይ። ለእርዳታ ብቻ ሳይሆን ለሥራም ይደወልለት። ፎቶ አንሺያችሁም ካሜራውን ከአልጋው ወደ ግድግዳው ያዙር። ወደኛ የሚመጣ ከሆነ ግን በጠዋት ይምጣ። ከቀትር በኋላ ብዙ ጊዜ ጉሙ ከቆላው ሽቅብ ይወጣና ቤተ ክርስቲያኗን ይሸፍናታል፤ ውስጡ አይታይም።

አንድ ሠዓሊ፣ ከደብረ ብርሃን