“ልጋው!” ስለምንለው በረኛ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በስፖርት ዓምዳችሁ የወጣው ጽሑፍ፣ የአገራችን በረኞች ኳስ ከኋላ መሥርቶ፣ ማለትም ከግብ ፊት በአጭር ቅብብል ጀምሮ፣ መጫወቱን ትተው ወደ ፊት ቢለጉ ይሻላቸዋል ብሎ መደምደሙን አነበብሁ። ጸሐፊው የተበሳጩበት ምክንያት ይገባኛል። በወጣትነቴ ለዓመታት በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ቆሜያለሁ፤ ዛሬ ደግሞ በደሴ ከተማ ታዳጊዎችን አሠለጥናለሁ፤ በረኛ አቀብላለሁ ብሎ ኳሷን ለባላጋራው አጥቂ ሲያስረክብ ሆድ እንዴት እንደሚቃጠል አውቃለሁ። ሆኖም ጽሑፉ ጥፋቱን ሁሉ በበረኛው ጫንቃ ላይ መጣሉን አልቀበለውም።

ባለፈው ወር በከተማችን በተደረገ አንድ የታዳጊዎች ጨዋታ፣ ገና አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላው በረኛችን የመልስ ምት አግኝቶ ኳሷን በመሬት ወደ ግራ ተመላላሹ፣ ወደ ግራ መስመር ተከላካያችን፣ ላካት። ተመላላሹ ብቻውን ቆሞ ነበር፤ ምቱም አልጠነከረም፣ አልላላም። ይሁንና ኳሷ ከአምስት ከሃምሳው (ከግቡ ፊት ካለው ትንሹ ክልል) መስመር እንዳለፈች ከአንዲት ጥቁር ድንጋይ ጋር ተጋጭታ አቅጣጫዋን ቀየረች፤ አጥቂያቸው ደርሶ በመጀመሪያ ንክኪው አስቆጠረ። በሜዳው ዳር የቆመው ሰው ሁሉ፣ የልጆቹ ወላጆች ጭምር፣ “ልጋው ብለን አልነበረም!” እያለ ጮኸ። ልጁ ኳሷ መሐል ሜዳ እስክትደርስ ድረስ ጎንበስ ብሎ ያችን ድንጋይ ፈለጋት፤ አግኝቶም ከሜዳው ውጪ ወረወራት። እረፍት ላይ “አብሽር” ብዬ ትከሻውን ስነካው፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ “ጋሼ፣ ከእንግዲህ ልለጋት ወይስ እንዳሉኝ ላድርግ?” አለኝ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ የእርሱ ጥያቄ ነው።

በረኛ በእግሩ እንዲጫወት ያስገደደው የአሠልጣኞች ፋሽን ብቻ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. እስከ 1992 ድረስ ተከላካይ ጫና ሲበዛበት ኳሷን በእግሩ ወደ በረኛው ይመልሳል፣ በረኛውም በእጁ ይይዛታል፤ ጊዜ የሚገደለው በዚሁ መንገድ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ይህን ሲከለክል በረኛው ወደደም ጠላም አሥራ አንደኛ ተጫዋች ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የመልስ ምት ኳስ ከአሥራ ስድስት ከሃምሳው (ከትልቁ የቅጣት ክልል) ሳትወጣም ተከላካዮች እንዲቀበሏት ተፈቀደ፤ አሁን በየጨዋታው በረኛው ግራና ቀኝ ሁለት ተከላካዮች ቆመው የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥቅሙን ለልጆቼ የማስረዳው በቀላል ሒሳብ ነው። አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ እንጫወታለን እንላለን እንጂ፣ የባላጋራው በረኛ ግቡን ጥሎ ስለማይመጣ፣ ኳስ ከእኛ ግብ ፊት ስትጀመር እኛ አሥራ አንድ እነርሱ ግን አሥር ናቸው። ስለዚህ በሜዳው የሆነ ቦታ ሁልጊዜ አንድ ነጻ ሰው አለ፤ የበረኛው ሥራ ማንነቱን ቀድሞ ማየት ነው። ባላጋራ ኳሷን ለመንጠቅ አምስትና ስድስት ሰው ወደ እኛ በላከ ቁጥር ከኋላው የሚተወው ቦታ ይሰፋል። በዚያ ላይ ከመልስ ምት በቀጥታ ኳስ የተቀበለ ተጫዋች ከጨዋታ ውጪ ስለማይባል፣ አጥቂያችን ከተከላካዮቻቸው ጀርባ መቆም ይችላል። ማንቸስተር ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ያስመጣው ኤደርሰን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በአጭር ቅብብሉ የምናውቀው ይህ በረኛ በ2018 ከእጁ ለቅቆ በመታት ኳስ 75.35 ሜትር በማስጓዝ የዓለም ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። ሊለጋ እንደሚችል የሚታወቅ በረኛ ሲያቀብልም ይፈራል። “ይለጋ” ወይስ “ይመሥርት” የሚለው ክርክራችን ታዲያ ከመነሻው የተጣመመ ይመስለኛል።

አደጋውን ግን ማቃለል አልፈልግም። አማካይ ቢሳሳት ከኋላው ተከላካይ አለ፣ ተከላካይ ቢሳሳት በረኛ አለ፤ በረኛ ሲሳሳት ግን ከኋላው ያለው መረብ ብቻ ነው። በአምስት ከሃምሳው መስመርና በአሥራ ስድስት ከሃምሳው ጠርዝ መካከል ያለው ርቀት 11 ሜትር ነው፤ ፈጣን አጥቂ በሁለት ሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል። በወቅቱ የማንቸስተር ሲቲ አሠልጣኝ የነበረው ፔፕ ጓርዲዮላ እ.ኤ.አ. በ2016 በረኛውን ጆ ሃርትን ትቶ ክላውዲዮ ብራቮን ከባርሴሎና ሲያመጣ የፈለገው በእግሩ የሚጫወት በረኛ ነበር፤ ብራቮ ግን በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ወደ ባርሴሎና ሜዳ ካምፕ ኑ ተመልሶ ኳሷን ለባላጋራ አቀበለ፣ ተመልሳ ስትመታ ከክልሉ ውጪ በእጁ ነካት፣ በቀይ ካርድም ወጣ፤ ቡድኑ 4 ለ 0 ተሸነፈ። ጓርዲዮላ ሐሳቡን አልቀየረም፤ በረኛውን ነው የቀየረው። በአንጻሩ ኮሎምቢያዊው በረኛ ሬኔ ሂጊታ እ.ኤ.አ. በ1990 የዓለም ዋንጫ ከግቡ ርቆ ወጥቶ የካሜሩኑን አጥቂ ሮዤ ሚላን ሊያታልል ሲሞክር የተነጠቃትን ኳስ እዚህ ላይ የሚጠቅሱ አሉ፤ ያ ግን ማታለል እንጂ ኳስ መመሥረት አልነበረም።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ ጸሐፊው ያላነሡት ትልቁ ጉዳይ ሜዳው ነው። አሠልጣኝ ውበቱ አባተ ብሔራዊ ቡድናችንን በያዙበት ጊዜ ኳስ ከኋላ ተመሥርታ እንድትወጣ ሲጥሩ ተመልካቹ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ከምድባችን አንድ ነጥብ ብቻ ይዘን ስንመለስ “ይኸው!” ያልን ብዙዎች ነን። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ግን ያ ሁሉ ተረሳ። ያን ድል ያየነው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ውስጥ መሆኑን ልብ ይሏል፤ “የሜዳችን ጨዋታ” ቢባልም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (የካፍን) መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም በአገር ውስጥ ስላልነበረን ነው። ለብሔራዊ ቡድን ያልተገኘ ሜዳ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከየት ያገኛል? ወልድያ በፕሪሚየር ሊጉ ሳለ፣ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው ስታዲየም ሣር ላይ ኳስ ስትንከባለል ለማየት ከደሴ ድረስ ሄጃለሁ፤ በዚያ ሣር ላይ ቢሆን የእኔ በረኛ ያቀበላት ኳስ ተመላላሹ እግር ላይ ትደርስ ነበር። መለጋቱም ቢሆን ደሴ ላይ የራሱ ጣጣ አለው። ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የተለጋች ኳስ ከታሰበው በላይ ርቃ፣ አጥቂያችንን አልፋ፣ የባላጋራው በረኛ እጅ ላይ ታርፋለች፤ ኮምቦልቻ ወርደን ስንጫወት ያው ምት ያጥራል።

ስለዚህ እኛ የምናደርገው ይህ ነው። ከጨዋታ በፊት ከበረኛው ጋር ክልሉን በእግራችን እንዞራለን፤ ኳስ እያንከባለልን የትኛው ጎን ቀጥ አድርጎ እንደሚያሳልፍ፣ የትኛው እንደሚያነጥር እናያለን። ተከላካይ ኳስ ሲመልስለት በረኛው ከቋሚው ውጪ ወጥቶ እንዲቀበል እናደርጋለን፤ በግቡ ፊት ለፊት ቆሞ ቢቀበልና ኳሷ ብትነጥርበት በቀጥታ መረብ ውስጥ ትገባለችና። ተከላካዮቹ “ሰው!” ወይም “ብቻህን ነህ!” ብለው እንዲጠሩለትም ግዴታ አለባቸው፤ ዝም ያለ ተከላካይ ካለ ጥፋቱ የእርሱም ነው። ዝናብ ዘንቦ ሜዳው ከጨቀየ ያለ ክርክር እንለጋለን። ይህን ሁሉ የምወስነው እኔ ነኝ፤ በእኔ ውሳኔ ለገባ ጎል ወላጅም ሆነ ጋዜጠኛ የሚጠይቀኝ እኔን እንዲሆን ደጋግሜ እናገራለሁ። በየሜዳው የማየው ግን የተገላቢጦሹን ነው፤ አሠልጣኙ ሳምንቱን ሙሉ “መሥርት” ሲል ሰንብቶ፣ ጎል በገባ ማግስት በረኛውን ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ተከላካዮቹ እየሸሹት ብቻውን የቀረው በረኛ ቢሳሳት ምን ያስገርማል?

ለልጁ ጥያቄ መልስ የሰጠሁት ሁለተኛው አጋማሽ ሊጀመር ሲል ነው። በግራ በኩል ያለው መሬት ስለማይታመን ወደዚያ እንዲለጋ፣ በቀኝ በኩል ግን እንደ ልማዱ እንዲመሠርት ነገርሁት። ጓንቱን አጥልቆ ገባ፤ የመጀመሪያዋን የመልስ ምት ወደ ቀኝ በመሬት አቀበለ፤ ከዳር “ልጋው!” የሚለው ጩኸት ገና አላባራም ነበር።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የቀድሞ ግብ ጠባቂና የታዳጊዎች አሠልጣኝ፣ ከደሴ