አባዬ፣ ስለ ዶክተሩና ስለ ማሙሽ

አዳማ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ ሰላም ይሉሃል። ትንሿ "አያቴ መቼ ነው የሚመጣው?" እያለች ትነዘንዘኛለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ ሳወራህ አታስጨርሰኝም። "ቆይ አንቺ፣ መጀመሪያ ስሚኝ" ትላለህ፣ እሰማለሁ፣ ካርዴ ያልቃል። የተጻፈ ነገር ግን ሳትጨርስ እንደማታስቀምጥ አውቃለሁ። ዕድሜህን ሙሉ የተማሪ ደብተር ስታርም የኖርክ ሰው ነህ። እኔንም በቀይ እስክርቢቶ ብታርመኝ ግዴለም።

ነገሩ የእንቁጣጣሹ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ማሙሽ ቤት አልመጣም። አንተም ና አላልከውም። እሱ በቀን ስንቴ በባጃጁ በራችሁ ላይ ያልፋል። ሁለታችሁም ሐዋሳ ተቀምጣችሁ፣ "ደህና ነው ወይ" የምትባባሉት በእኔ በኩል አዳማ ዞራችሁ ነው።

እማዬ ጠቡ በሕዳሴ ግድቡ ነው ትላለች። እኔ ግን ከቲሸርቱ ነው የጀመረው እላለሁ። ጠዋት ማሙሽ ግቢ ውስጥ ባጃጁን ሲወለውል በምን እንደሚወለውል አይተሃል። የ2010ሩ ቲሸርት ነው፣ የዶክተር ዐቢይ ፎቶ ያለበት። ፎቶው በግሪስ ጠቁሯል። "መደመር" ከሚለው ጽሑፍ የቀረው ግማሹ ነው። ምንም አልተናገርክም፤ ግን የሻይ ብርጭቆህን ስታስቀምጥ እኔ ኩሽና ሆኜ ሰማሁት። ግድቡ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ነበር፣ ሁለት ቀን እንኳ አልሞላውም። ምሳ ላይ ወሬውን ስታነሳ ማሙሽ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፣ አንተም እንደዚያው። ዶሮው እንኳ ሳይቀርብ "ካድሬ" እና "ጽንፈኛ" ተባባላችሁ። አባትና ልጅ!

እስቲ ግን አስታውስ። ያንን ቲሸርት በገዛ ገንዘቡ የገዛው ማሙሽ ነው። ያኔ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ላይ ነበር። ሐምሌ 2010 ዐቢይ ኢሳያስ አፈወርቂን ይዘው ፓርኩን ሊያስጎበኙ የመጡ ዕለት፣ ማታ ቤት ሲገባ መቀመጥ አቅቶት ነበር። "ከእንግዲህ ጦርነት የለም" እያለ እማዬን ይዞ አስጨፈራት። አንተ ወንበርህ ላይ ሆነህ "ቆይ፣ እናያለን" ነበር ያልከው። መስከረም 2011 የኢሕአዴግ ጉባኤ እዚያው ሐዋሳ ተሰብስቦ ከ177 ድምፅ 176ቱን ሰጥቶ ሊቀመንበር ሲያደርጋቸው ደግሞ "ይሄ ምርጫ ነው ወይስ ሠርግ?" ብለህ ሁላችንንም አሳቅኸን። ማሙሽ ብቻ ተቀየመህ። "አባዬ ምንም ነገር አያስደስተውም" አለ።

ዛሬ እሱ አንተ ቦታ ተቀምጧል፣ አንተ እሱ ቦታ። ከጠባችሁ ይልቅ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

የማሙሽን ልንገርህ፣ ከእሱ አፍ መስማት ስላልቻልክ። በ2012 መጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የኖቤል ሽልማት አሸነፉ። በዓመቱ፣ ጥቅምት 2013፣ ትግራይ ላይ ጦርነት ሆነ። ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነቱ እስኪፈረም ሁለት ዓመት ፈጀ። በመሃሉ አሜሪካ በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ከአጎዋ አስወጣችን። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ሐዋሳ የተሰፋ ሸሚዝ እንደ ድሮው ከቀረጥ ነፃ አሜሪካ መግባት አልቻለም። ነጋዴው መጀመሪያም የመጣው ለዚያ ነበር። ማሙሽ የሚሠራበት ቦታ መጀመሪያ ትዕዛዝ ቀነሰ፣ ቀጥሎ ፈረቃ ቀነሰ፣ በመጨረሻ ሰው ቀነሰ። አንተ "አሜሪካኖቹ ናቸው ያባረሩት" ትላለህ። እሱ "ጦርነቱ ባይኖር አሜሪካ ምን አገባት" ይላል። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ደመወዙ የቀረበት ግን እሱ ነው።

ከዚያ በቁጠባውና በእቁብ ብር ባጃጅ ገዛ። የነዳጅ ድጎማው ደግሞ ከ2014 ክረምት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተነሳ ነው። ድጎማው አገር ያከስራል፣ የሚጠቀምበትም ባለመኪናው ነው የሚለውን ክርክርህን እኔም እቀበለዋለሁ። ሰልፍ ላይ ቆሞ ግማሽ ቀኑን ለሚያባክን ሰው ግን ክርክሩ ትክክል መሆኑ ምንም አይጨምርለትም። "ጽንፈኛ" ያልከው ልጅ የሚውለው ማደያ ነው፣ ሌላ የትም አይደለም።

ያንተን ደግሞ ለእሱ ነግሬዋለሁ። ኢሠፓ አልገባም ብለህ ከከተማ አውጥተው ገጠር እንደወረወሩህ ለእኔ እንጂ ለእሱ ነግረኸው አታውቅም። "ካድሬ" ሲልህ ፊትህ ለምን እንደተለወጠ አሁን ገብቶታል። ስልኩ ላይ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "ታዲያ ለምን አይነግረኝም?" አለ። እውነቱን ነው።

ግድቡንም አነሳሁለት። ሳሎን ከቅዱስ ገብርኤል ሥዕል አጠገብ የሰቀልከው የቦንድ ሰርተፍኬት እኮ የማንም ፓርቲ አይደለም። የአንድ ወር ደመወዝህን በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያስቆረጥክ ስትሰጥ እኛ የትምህርት ቤት ጫማ እየተጠገነልን ነበር የምንሄደው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ "አያልቅም" ሲሉህ ኖረህ 5,150 ሜጋ ዋት ተብሎ ሲመረቅ ብታለቅስ ማን ይፈርድብሃል? ማሙሽ "የጀመረው መለስ ነው" ያለህ ሊያናድድህ ብሎ ነው። አንተም "የጨረሰው ዐቢይ ነው" ብለህ መለስክለት። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ተቀመጠ፣ መለስ ናቸው። ኃይለማርያም ተቀብለው ቀጠሉ። ዐቢይ ቃለ መሐላ የፈጸሙት ደግሞ በዚያው በመጋቢት 24 ነው፣ 2010 ላይ። እሳቸው ሲመጡ ሥራው ተንገራግጮ እንደነበርና እንደገና እንዳስነሱት አልክድም። ግን የአንተ ሃምሳ ምናምን ብር በየወሩ ስትገባ ሦስቱንም አላየችም።

እማዬ ያን ቀን አንድ ቃል እንዳልተነፈሰች ልብ ብለሃል? ከነገሩ ጦም እደሩ ብላ መስሎህ ነበር። አይደለም። በ2015 ክረምት አማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ጎጃም አልሄደችም። የእህቷን ተዝካር በስልክ ነው የሰማችው። አንተ በኮሪደር ልማቱ "መንገዱ እንዴት አምሯል!" ስትል እሷ የምታስበው ሌላ መንገድ ነው። እኔም ወደ እናንተ ስመጣ "መቂን አለፍሽ? ባቱን አለፍሽ?" እያለች ሻሸመኔ እስክደርስ ስትደውል የምትውለው ለዚሁ ነው።

በነገራችን ላይ የእግረኛ መንገዱ እኔንም ደስ ብሎኛል። ጉልበትህን ይዘህ ማታ ማታ ሐይቁ ዳር ድረስ ሳትደናቀፍ መሄድህ ትልቅ ነገር ነው። የማሙሽ ጓደኛ የጎማ መጠገኛ ሱቁ የፈረሰበትም ለዚያው መንገድ ነው። አንዱን ስናገር ሌላውን የካድኩ የሚመስልበት ጊዜ ላይ ደርሰን ነው እንጂ፣ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ መናገር ምን ይከብዳል?

የታች ቤት ጎረቤታችንን ተመልከት። ለእሱ ዐቢይ ማለት ኅዳር 10 ቀን 2012 ነው። ሲዳማ ክልል እንዲሆን ሕዝበ ውሳኔው 98.5 በመቶ ድምፅ ያገኘበት። ያንን በሕይወቱ አያለሁ ብሎ አያውቅም። እሱ ራሱ ግን ባለፈው ስመጣ በጤፍ ዋጋ ሲያማርር ሰማሁት፣ ያውም ከማሙሽ ብሶ። ማንም "ወገንህ የቱ ነው?" ብሎ አልጠየቀውም። እዚህ አዳማም ታክሲ ውስጥ አንዱ የበጋ ስንዴውን ሲያወድስ ሌላው ወንድሙን ከአጋቾች ለማስለቀቅ የከፈለውን ይናገራል። ሾፌሩ ሙዚቃ ከፍ ያደርጋል።

አሁን ወደ መድኃኒትህ ልምጣ። ይሄን የምነግርህ ቅር እንዲልህ አይደለም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ ይተመን ሲባል ደስ ብሎህ ነበር። "ባንክና ጥቁር ገበያ ሁለት አገር ሆነው እስከ መቼ?" አልክ። ትክክል ነበርክ። አይኤምኤፍም በ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ደገፈው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። እኔ ፋርማሲ ቆሜ ያየሁት ይሄን ነው። ድሮ አስመጪው ዶላር ስለማያገኝ ሰው ማዘዣ ይዞ ሲመጣ "የለም" እንለው ነበር። ሰው እስከ ሞጆ፣ እስከ አዲስ አበባ ይዞር ነበር። አሁን "አለ" እንለዋለን። ዋጋውን ሲሰማ ማዘዣውን አጥፎ ኪሱ ይከታል። አንዳንዱ "ግማሹን ስጪኝ" ይላል። የግፊት መድኃኒት በግማሽ አይዋጥም እላለሁ፣ ይስቃል፣ ግማሹን ገዝቶ ይሄዳል።

ያንተም ወደ እጥፍ ደርሷል። የምከፍለው እኔ ስለሆንኩ አታውቀውም። እሱን ቀንሰህ ነው ከማሙሽ ጋር ስለ ኑሮ የምትከራከረው።

ታዲያ ፖሊሲው ጥሩ ነው መጥፎ? ለእኔ መድኃኒቱ መገኘቱ ጥሩ ነው። ደመወዝና ጡረታ ግን ወደ ኋላ ቀርተው የሁሉ ነገር ዋጋ ቀድሞ መሮጡ በደል ነው። ጦርነቱን በምንም ሒሳብ አላጸድቀውም፣ ማንም ይጀምረው ማን። ፕሪቶሪያን ግን አመሰግናለሁ። ግድቡ ደስ ብሎኛል። ይሄን ሁሉ ስል እናንተ ቤት "አንቺ ደግሞ መሃል ሰፋሪ ነሽ" እባላለሁ። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ሰውዬው ዘመዳችንም ደመኛችንም አይደሉም። ሥልጣን ላይ ያሉ ሰው ናቸው፣ የሠሩት ይነገራል፣ ያጠፉት ይጠየቃል። "ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ" የሚባልበት ዘመን አለፈ ብለህ ያስተማርከን አንተ አይደለህም? ዘንድሮ ምርጫ ነው። ማሙሽ አልመርጥም ብሏል። እሱን ብትከራከርበት እመርጣለሁ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ከጎንህ ነኝ።

መድኃኒትህን ለምናውቀው ሾፌር ሰጥቼዋለሁ። ቅዳሜ መናኸሪያ ሄዶ የሚቀበልልህ ማሙሽ ነው፣ ቤት ድረስም ያመጣዋል። እሺ ብሏል። ደረሰኙን ሆን ብዬ ከውስጥ አድርጌዋለሁ፣ አብራችሁ እዩት። ለእማዬ የላክሁትን ነጠላ እንዳትረሱት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ።

የምትወድህ ልጅህ