የአይሲቲ ክበብ ዘገባ፦ ቅዳሜ የሚነቁት ላፕቶፖች

የክበባችን ዌብሳይት በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አለቀ፤ ስለሱ ብዙ አልልም። የቀረውን ጊዜ የወሰደብን የላፕቶፕ እንቅልፍ ነው።

ሊኑክስ የተባለውን ስርዓተ ክወና የጫንንባቸው ላፕቶፖች አርብ ሰስፔንድ ተደርገው (ሳይጠፉ እንዲተኙ ተደርገው) ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ሰኞ ሲወጡ ባትሪያቸው ባዶ። ሁሉም ባትሪው አርጅቷል አለ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን የከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) መዝገብ ከፍታ «ቲቸር፣ እነዚህ እኮ ቅዳሜ ይነቃሉ» አለችኝ።

ማን ቀሰቀሳቸው? ሊኑክስ ሲተኛ መጀመሪያ ፕሮግራሞቹን ባሉበት ያቆማል። ቀጥሎ ድራይቨሮቹ (መሣሪያዎቹን የሚያዙት ፕሮግራሞች) መሣሪያዎቹን ያስተኛሉ። በመጨረሻ ኢንተራፕቶቹ፣ ማለትም መሣሪያዎቹ ፕሮሰሰሩን የሚጠሩባቸው ምልክቶች፣ ይዘጋሉ፤ እንዲቀሰቅሱ የተፈቀደላቸው ብቻ ይቀራሉ። ግቢው ሲዘጋ ለማን እንደሚከፍት ተነግሮት እንደሚያድር ዘበኛ ማለት ነው። የማብሪያው ቁልፍ፣ ክዳኑ፣ ሰዓቱና ኪቦርዱ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀድላቸዋል።

ከርነሉ የቀሰቀሰውን ኢንተራፕት ቁጥር ይመዘግባል። የኛ 9 ነበር፤ ይህ ደግሞ ኤሲፒአይ (የኃይል አስተዳደር ሥርዓቱ) የሚጠቀምበት የጋራ መስመር ስለሆነ ጥፋተኛውን አይለይም። ልጆቹ ለመቀስቀስ የተፈቀደላቸውን አንድ በአንድ እየዘጉ ሲሞክሩ ዩኤስቢው ላይ ደረሱ። ላፕቶፑ ላይ የተሰካው የገመድ አልባ ማውስ ሪሲቨር (ምልክት መቀበያ) ለኪቦርድም ይሠራል። ሊኑክስ ደግሞ የዩኤስቢ ኪቦርድ እንዲቀሰቅስ ራሱ ይፈቅዳል። ማውሶቹ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀሩት፤ ቅዳሜ ለማጠናከሪያ ትምህርት የሚመጡ ልጆች ሲነካኳቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው ላፕቶፕ ብድግ ይላል!

እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ የመጣው ጥያቄ ነው። ኮምፒውተሩ ገና እየተኛ ሳለ ቀስቃሹ ቢመጣስ? መልእክቱ ጠፍቶ ሊቀር ነው? በ2010 የወጣው የሊኑክስ 2.6.36 ከርነል ለዚህ ቆጣሪ አመጣ። አስተኚው ፕሮግራም እስካሁን የመጡትን ቀስቃሾች ብዛት ከቆጣሪው ያነባል፤ ከዚያ ያንኑ ቁጥር መልሶ ይጽፋል። በመሃል ቁጥሩ ከተለወጠ ጽሑፉ ተቀባይነት አያገኝም፤ ፕሮግራሙም መተኛቱን ይተወዋል። ኢንተራፕቱ ዘግይቶ፣ መሣሪያዎቹ ከተኙ በኋላ ቢመጣም ከርነሉ መንገዱን አቋርጦ ይመለሳል። ልጆቹ ሰስፔንድ አዝዘው ወዲያው ኪቦርዱን እየመቱ የማቋረጫውን መልእክት መዝገቡ ላይ ለማየት ሲሽቀዳደሙ የኮምፒውተር ክፍሉ ገበያ መስሎ ነበር።

መፍትሔው ላይ አልተስማማንም። እኔ አርብ አርብ ሪሲቨሩ ይነቀል ባይ ነኝ። እነሱ ላፕቶፑ በበራ ቁጥር የሪሲቨሩን የመቀስቀስ ፈቃድ የሚዘጋ ደንብ (ሊኑክስ ራሱ የሚፈጽመው ትእዛዝ) ጽፈው ጫኑበት። እስከ ሰኔ ድረስ የሠራው የነሱ ነው።