ሬሉን ሳትጎጂ ብሉዝ ስትጨምሪበት

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ሁላችን ደህና ነን። የአይርላንድን ዜማ ከብሉዝና ከጃዝ ጋር በፒያኖ ልታዋህጂ መነሳትሽን ጽፈሽልኛል። ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ከመደርደርሽ በፊት ቅኝቱን ፈትሺ፤ ሁለቱ የሚጨባበጡት እዚያ ነው።

አንድ በኢ ዶሪያን ቅኝት ያለ ሬል (የአይርላንድ ፈጣን የዳንስ ዜማ) ውሰጂ። ድምፆቹ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ዲ ናቸው። የኢ ብሉዝ ስኬል ደግሞ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ቢ፣ ዲ ነው። አምስቱ የጋራ ናቸው። (እነዚሁኑ አምስት ከጂ ጀምረሽ ብትጫወቻቸው ትዝታ ሜጀር ይወጣልሻል፤ ጆሮሽ ከልጅነትሽ ያውቃቸዋል።) ብሉዙ ከራሱ የሚያመጣው ቢ ፍላትን ብቻ ነው። የዶሪያኑን ሲ ሻርፕ ደግሞ ልብ በይው፤ የኤ ሰቨን ሦስተኛ ድምፅ እሱ ነው፣ ኤ ሰቨን ደግሞ የኢ ብሉዝ አራተኛ ኮርድ ነው። ስለዚህ ግራ እጅሽ ከኢ ማይነር ወደ ኤ ሰቨን ሲሄድ ከሬሉም ከብሉዙም አይወጣም።

ወጥመዱ ኢ ሰቨን ላይ ነው። ጂ ሻርፕ አለበት፣ ዜማው ግን ጂ ይላል። ይህ ግጭት ለብሉዝ ቅመም ነው፤ ሬል ላይ ግን ጣት የሳተ ይመስላል። ዜማው በሚሄድበት ጊዜ በግራሽ ኢ እና ቢን ብቻ ያዢ፣ ሦስተኛውን ድምፅ ተዪው። ኢ ሰቨንን ለሶሎ አቆዪው።

ብዙ ሬል 8 ባር ሁለቴ፣ ሌላ 8 ባር ሁለቴ ተጫውቶ በ32 ባር አንድ ዙር ይሞላል። ብሉዙ 12 ባር ነው። አንዱን ባንዱ ውስጥ ለማስገባት አትታገዪ። ሬሉን ሁለት ዙር ጨርሺና 12ቱን ክፈቺ፤ 4 ባር ኢ ሰቨን፣ 2 ኤ ሰቨን፣ 2 ኢ ሰቨን፣ 1 ቢ ሰቨን፣ 1 ኤ ሰቨን፣ 2 ኢ ሰቨን። ወደ ሬሉ ስትመለሺ በ12ኛው ባር ላይ እጅሽ በልማድ ቢ ሰቨን ይፈልጋል። እምቢ በይው። በውስጡ ያለው ዲ ሻርፕ የሬሉን ዲ ያበላሽብሻል። በምትኩ ዲ ሜጀር ምቺ፤ ዜማው በሩ ተከፍቶለት ይገባል።

ምቱ ከኮርዱ ይከብዳል። የጃዝ ሰው ሬል ሲያገኝ ወዲያው ስዊንግ ያደርገዋል፣ ያኔ ሬሉ ማነከስ ጀመረ ማለት ነው። በባር ሁለት ምት እየቆጠርሽ በደቂቃ ከ100 እስከ 110 ባለው ፍጥነት ላይ ስምንተኛ ኖታዎቹ እኩል ለመሆን ትንሽ የሚቀራቸው ናቸው፤ ረጅምና አጭር እያሉ አያነክሱም። ስዊንግ ካማረሽ ሆርንፓይፕ የሚባለውን የዳንስ ዜማ ፈልጊ፣ ከተፈጥሮው እንዲያ ነው። ልምምዱን በ60 ጀምሪ፣ በየሁለት ቀኑ 4 ጨምሪ።

ማስዋቢያውን እንደ ኖታ አትቁጠሪው። ጂ ላይ ሮል የሚባለውን ማስዋቢያ ስትሠሪ ጂ፣ ኤ፣ ጂ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ በሦስት ስምንተኛ ኖታ ቦታ ይገባሉ፤ ጣትሽ 3፣ 4፣ 3፣ 2፣ 3 ይሁን። የመጀመሪያዋ ጂ ረዘም ትበል፣ ኤ እና ኤፍ ሻርፕ ብልጭ ብለው ይጥፉ። አምስቱን እኩል ካደረግሻቸው የጣት ማፍታቻ ይሆናል። ሮሉ ውስጥ ድምፅ ከጠፋብሽ ቶሎ ጣትሽን አትውቀሺ፤ በአፕራይት ፒያኖ ቁልፉ እንደገና ለመምታት ከፍ ብሎ መመለስ አለበት፣ ግራንዱ ግን በግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ይመታል። የብሉዙን የታጠፈ ድምፅ ለማስመሰል ከቢ ፍላት ወደ ቢ በአንድ ጣት ተንሸራተቺ፣ ከጥቁር ወደ ነጭ ስለሆነ ይቀላል። ከጂ ወደ ጂ ሻርፕ ግን ከነጭ ወደ ጥቁር መውጣት ነውና 2ኛና 3ኛ ጣት ተጠቀሚ።

ግራ እጅ ምን ያህል ሊያጠፋ እንደሚችል ለመስማት በ1920ዎቹ ኒውዮርክ የተቀረጹትን የአይርላንዳዊውን ቫዮሊን ተጫዋች የማይክል ኮልማንን ሸክላዎች አዳምጪ። ቫዮሊኑ ተአምር ነው። ከጀርባው የሚደበድበው ፒያኖ ግን ብዙ ጊዜ ኮርዱን ስቶ ይከተለዋል። ከዚያ ሚሆል ኦ ሱሊቫንን ስሚ (1950–2018)፤ የአይርላንድን ዜማ ከክላሲክና ከጃዝ ጋር በፒያኖ ያገናኘ ሰው ነው።

ሴሽን (ሙዚቀኞች ተሰብስበው አብረው የሚጫወቱበት) ላይ ስትገቢ ፒያኖው ክፍት ቢሆንም ሳትጠይቂ አትቀመጪ። ጊታር ካለ ሁለታችሁ የተለያየ ኮርድ ስትመቱ ዜማው ይታነቃል። ብሉዙንም እዚያ አታውጪው፣ ለራስሽ መድረክ ይቆይ።

ቀረጻውን ላኪልኝ፤ መጀመሪያ ግራ እጅሽን ብቻ፣ ያለ ፔዳል።

እናትሽ