ለቱንቢ፣ ስለ እማዬ ቤት ወለል

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ቱንቢ፣

ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቼ ስጽፍልሽ «ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?» ማለትሽ አይቀርም። እውነትሽን ነው፣ ፈልጌሽ ነው። ይቅር በይኝ፤ ስንገናኝ የልብሽን ያህል ትወቅሺኛለሽ። አሁን ግን አሸዋው ደጅ ተራግፏል፣ ቅዳሜ አርማታ ይሞላል፣ እኔም እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የእማዬን ቤት ወለል እያሠራሁ ነው። ያንኑ በእበት የሚለቀለቀውን። ጉልበቷ እንቢ ካለ ወዲህ መለቅለቁን ትታለች፤ በበጋ አቧራው ይነሣል፣ በክረምት እርጥበቱ ከሥር እየመጣ ምንጣፉን ያሻግታል። ሴራሚክ ስላት «አንሸራትቶ ሊሰብረኝ ነው?» አለችኝና ሊሾ እንዲሆን ተስማማን፤ ቀይ ቀለም የተቀላቀለበት፣ ብዙም ያልለሰለሰ። አፈሩ ተቆፍሮ ወጥቷል፣ 25 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ተደልድሏል፣ እርጥበቱን እንዲያግድ ፕላስቲክ ይነጠፍበታል፣ ከዚያ 10 ሳንቲ ሜትር አርማታ። ግንበኛው ግድግዳውንም በሲሚንቶ እንለስነው ብሎ ነበር፤ አልፈቀድኩም። የጭቃ ግድግዳ መተንፈስ አለበት፤ ሲሚንቶ ሲለብስ እርጥበቱን ውስጡ ይዞ ይቆይና ልስኑን ከነአፈሩ ይጥለዋል። ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፣ የእነ አክስትሽ ቤት ጊዜ።

ሳሎኑ 4 በ5 ነው። ሒሳቡን ሠርቻለሁ፦ 2 ሜትር ኩብ፣ በ1፡2፡3 ድብልቅ ወደ 15 ከረጢት ሲሚንቶ። አትፈትሺኝ፣ ወይም ፈትሺኝ፣ ደስ ይለኛል።

የሚያስጨንቀኝ ግን በረንዳው ነው። ሳሎኑ ጣሪያና ግድግዳ አለው፤ በረንዳው ሜዳ ላይ ነው፣ የኅዳርን ሌሊት ደግሞ ታውቂዋለሽ። አንቺ ሐዋሳ ላይ ሙቀት ለምደሽ ረስተሽው ካልሆነ በቀር! ሰሞኑን ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። ያልጠና አርማታ ውስጥ ያለው ውሃ በውርጭ ከረጋ ወደ በረዶ ሲለወጥ ይሰፋል፤ ከመቶ 9 ያህል። ሲሚንቶው ገና እርስ በርሱ ሳይያያዝ ከውስጥ ይበጣጠሳል፣ ኋላ ላይ ፊቱ እየተላጠ ይነሣል። በዚያ ላይ አቅራቢው ያመጣልኝ ሲሚንቶ ፒፒሲ ነው፣ ፖዞላና የተቀላቀለበቱ። ፒፒሲ ሲጠነክር ቀስ ይላል፣ በብርድ ደግሞ ይብስበታል። ለበረንዳው ብቻ ኦፒሲ፣ ቶሎ የሚጠነክረውን ተራውን ፖርትላንድ ሲሚንቶ፣ ልግዛ? ዋጋውን ችዬ እገዛለሁ፣ አንቺ ግዢ ካልሽኝ።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። በረንዳውን ጠዋት ማልደን እንሞላለን፣ ፀሐይዋን ይዞ እንዲውል። ማታ ፕላስቲክ እናለብሰዋለን፣ በላዩ የገብስ ጭድ እንከምርበታለን፤ ጭድ እዚህ ሞልቷል። ውሃ የምናጠጣው ረፋዱ ላይ እንጂ አመሻሹ ላይ አይደለም። በማግሥቱ እሑድ ጽዮን ማርያም ናት፣ ማንም ሠራተኛ አይመጣም፤ አርማታው እንዳይደርቅ የሚለብሰውን ጆንያ የማርሰው እኔው ነኝ። እስኪ የቀረኝ ነገር ካለ ንገሪኝ።

ግንበኛው «በሦስት ቀን ትገቡበታላችሁ» ይላል። ደግ ሰው ነው፣ እጁም ጥሩ ነው፣ ግን ሲሚንቶ የሚጠነክረው ሲደርቅ ይመስለዋል። ውሃ እየጠጣ እንደሚጠነክር ብነግረው ፈገግ ብሎ ያልፈኛል። ድብልቁ ላይማ ሌላ ጣጣ አለ፤ ለመዘርጋት እንዲቀልለት ውሃ ይጨምርበታል። ለ50 ኪሎ ከረጢት 25 ሊትር ገደማ ይበቃል ብዬ በጀሪካን ለክቼ ልቆም ነው። አንቺ ብትሆኚ አንድ ጊዜ ዐይንሽን ታፈጪና ነገሩ ያልቃል። አሁንም ግንበኞቹ ሲያዩሽ ውሃ ልካቸውን ፍለጋ ይሮጣሉ?

እማዬ ገብርኤልን ወለሏ ላይ ቄጤማ ጎዝጉዛ ልታከብር ቆርጣለች። ከኅዳር 20 እስከ ታኅሣሥ 19፣ 29 ቀን ነው። አርማታ እስኪጠነክር የሚጠበቀው የተለመደው 28 ቀን ይሞላል፣ በዚህ ብርድ ግን 28 ቀን እንደ እናንተው 28 ቀን ይቆጠራል? የእግር ጉዞና የቡና ረከቦት እንደሚችል አልጠራጠርም፤ የፈራሁት ከባዱን ቁም ሣጥን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ለማንም አልተናገርኩትም። ሲሚንቶ ይበርዳል። የእበቱ ወለል ባዶ እግሯን አያስቸግራትም ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋትን ሴት ከለመደችው መሬት አንሥቼ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ላቆማት ነው እያልኩ ሌሊት እገላበጣለሁ። የመንዝ ባና ገዝቼ አስቀምጫለሁ፣ አጎዛም አለ፣ ግን እሷ ምንጣፍ ላይ ብቻ የምትውል ሴት አይደለችም። ከድንጋዩ በላይ ሙቀት የሚይዝ ነገር መንጠፍ ይቻላል? ፕላስቲኩ ብቻውን ብርዱን አይመልስልኝም።

ስለ ሌላው ጉዳይ… ሰምቻለሁ። ልጠይቅሽ ጀምሬ ነበር፣ ሰረዝኩት። በደብዳቤ የሚሆን አይደለም። ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ፣ ባትፈልጊም አንቺው ነሽ።

እማዬ «እሷ ካላየችው አልገባበትም» እያለች ነው፤ እኔ አይደለሁም ያልኩት። ለገብርኤል መምጣት ከቻልሽ አልጋሽ ተነጥፏል። ካልቻልሽ ግን ከዓርብ በፊት ደውዪልኝ፣ ኦፒሲውን ለመግዛት ዓርብ ጠዋት ወደ ገበያ እወጣለሁ።

የአንቺው