ጥፋቱ የቅብ አረሩ ሳይሆን የቀልሃው አፍ ነው

ሰላም ለእናንተ የጋዜጣው አዘጋጆች፣ ሰሞኑን በስፖርት ገጻችሁ ስለ ሽጉጥ ተኩስ ውድድር ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ይሄን ስፖርት ዞር ብሎ የሚያየው ጋዜጣ ብዙ ስለሌለ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ግን ሁለት ቦታ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። አንደኛ ቅብ አረር በርሜል ያበላሻል፣ ኢላማ ያስታል፣ ሰው የሚገዛው ርካሽ ስለሆነ ነው ብላችኋል፤ ሁለተኛ ደግሞ ቅቡ ስላለ የእርሳስ ስጋት የለም ብላችኋል። ሁለቱም ልክ አይደለም፣ ሁለተኛው ደግሞ ሰው ይጎዳል።

ቅብ አረር ማለት ከእርሳስ ቅይጥ የተሰራ አረር ሆኖ ላዩ ላይ ፖሊመር ተቀብቶ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ምድጃ ውስጥ የተጋገረ ነው፣ ብዙ ጊዜም ሁለት ሶስት ዙር ይቀባል። በደንብ የተጋገረ ከሆነ በመዶሻ ብትጨፈልቀው እንኳ ቅቡ አይፈረፈርም፣ አሴቶን በነካ ጨርቅ ብታሸው ቀለሙ አይለቅም። ጥይታችንን በእጃችን የምንሞላ፣ ማለትም የተተኮሰውን ባዶ ቀልሃ (ባሩዱንና አረሩን የሚይዘውን የናስ ቀፎ) መልሰን ባሩድና አረር የምንሞላ ሰዎች የምንወደው ለዋጋው ብቻ አይደለም፣ መዳብ ከለበሰው ይልቅ በርሜል ውስጥ ስለሚንሸራተት ያንኑ ፍጥነት ባነሰ ባሩድ ይሰጥሃል፣ ለዚህም ነው የመዳቡን የባሩድ ልክ እንዳለ መገልበጥ የሌለብህ፣ ማንዋሉ ላይ ካለው ዝቅተኛ ልክ ጀምረህ ፍጥነቱን በክሮኖግራፍ (የአረር ፍጥነት መለኪያ) እየለካህ ነው የምትወጣው። በአይፒኤስሲ (የሽጉጥ ውድድር በሚመራው ዓለም አቀፍ ማህበር) ህግ የአረሩ ክብደት ግሬን በሚባለው የክብደት መለኪያ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ በጫማ ተለክቶ ሁለቱ ሲባዙና ለ1000 ሲካፈሉ ቢያንስ 125 መምጣት አለበት። 147 ግሬን አረር በሰከንድ 880 ጫማ ቢሄድ 129 ይመጣል፣ አለፈ ማለት ነው፣ ርግጫውም ለስላሳ ስለሚሆን ሁለተኛዋን ጥይት ቶሎ ታስከትላለህ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እኔም እንደናንተ አስብ ነበር። አንድ ውድድር ላይ 15 ሜትር ላይ ካለው ካርቶን ላይ ያገኘሁት ቀዳዳ ክብ መሆኑ ቀርቶ የቁልፍ ቀዳዳ መስሎ ረዝሟል፣ አረሩ እየተገላበጠ በጎኑ ነው የገባው ማለት ነው። ቤት ገብቼ በርሜሉን ወደ መብራት አቅጣጫ ሳየው ውስጡ ያለው ጥምዝምዝ መስመር ላይ ብርማ እርሳስ ተለጥፎበታል። አረሩን የሸጠልኝን ሰው ስረግም ዋልኩ። በማግስቱ አብረውን የሚተኩሱ አንድ ጋሼ ነገሩን ሰምተው "እስቲ ከተረፉት አንዷን ንቀላት" አሉኝ። ነቀልናት፣ አረሩን እጃቸው ላይ ሲያዞሩት ወገቡ ላይ ዙሪያውን ቅቡ ተልጦ ቀለበት የመሰለ እርሳስ ብልጭ ይላል። "ይሄን የላጠው ፋብሪካው ሳይሆን ያንተው ቀልሃ ነው" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ለ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ መዳብ የለበሰው አረር ውፍረቱ 9.02 ሚሊሜትር ሲሆን ቅቡ ብዙ ጊዜ 9.04 ነው፣ ልዩነቷ እዚህ ግባ የማትባል ትመስላለች ግን የቀልሃውን አፍ ለመዳቡ በለመድከው ልክ ብቻ ከከፈትከው ጠርዙ እንደ ምላጭ ሆኖ ቅቡን ይዞት ይወርዳል። አፉን ትንሽ ጨምሮ እንደ ደወል መክፈት ነው፣ አረሩን በጣትህ ስታስቀምጠው ሳይዘም ቀጥ ብሎ ከቆመ በቃ፣ ከዚያ በላይ ከከፈትከው ቀልሃው ቶሎ ይሰነጠቃል። መጨረሻ ላይ ደግሞ የከፈትከውን አፍ ትመልሰዋለህ እንጂ አትጨምቀውም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ አጥብቄ ብጨምቀው አረሩን ይይዝልኛል ይላል፣ አረሩን የሚይዘው ግን የቀልሃው ግድግዳ ነው፣ ከጨመቅከው ቅቡንም እርሳሱንም ትቆርጠዋለህ። እኔ በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ለክቼ አፉ ከውጭ 9.6 ሚሊሜትር አካባቢ ሲሆን አቆማለሁ። ከዛ በርሜሉን ከሽጉጡ አውጥቼ ጥይቷን ወደ በርሜሉ እጥላታለሁ፣ ጠብ ብላ ገብታ በጣት ስትዞር በነጻ ከዞረችና ስገለብጠው በራሷ ከወደቀች ጨረስኩ። ካልገባች አረሩን ትንሽ ወደ ውስጥ መግፋት ይቻላል፣ ግን ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ግፊቱ ስለሚጨምር ባሩዱን እንደገና ከዝቅተኛው መጀመር ግድ ነው። ዳዩን (የመሙያ ማሽኑን ቀልሃ የሚቀርጽ ክፍል) በነካሁ ቁጥር ደግሞ አንድ ጥይት እነቅላለሁ፣ ወገቡ ንጹህ ከሆነ ነው ሌላውን የምሞላው። ከዛ ቀን ወዲህ በዚያው ሻጭ አረር ነው የምተኩሰው፣ በርሜሌ ንጹህ ነው።

ስለ እርሳሱ ደግሞ፣ ቅቡ የሚሸፍነው አረሩን ብቻ ነው። አብዛኛው ፕራይመር (ቀልሃው ስር ሆኖ ባሩዱን የሚለኩሰው) ውስጥ ሌድ ስቲፍኔት የሚባል የእርሳስ ውህድ አለ፣ ሲተኮስ በጭሱ ይወጣል፣ የቀረው የተተኮሰው ቀልሃ ውስጥ ጥላሸት ሆኖ ይቀመጣል። ያንን ቀልሃ በደረቅ ማጽጃ ማሽን ስታዞረው ክዳኑን ስትከፍት የሚነሳው አቧራ እሱ ነው። ስለዚህ በውሃ ማጠብ ይሻላል፣ እጅ በሳሙና ሳይታጠቡ ምግብ መንካት የለም፣ የተኩስ ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብም፣ አዘውትሮ የሚተኩስ ሰው ደግሞ የደሙን የእርሳስ መጠን ቢያስመረምር ጥሩ ነው።

የመጀመሪያውን ብትተዉት እንኳ ይቺን ሁለተኛዋን በሚቀጥለው እትም አስተካክሉልኝ፣ እባካችሁ። ልጆች ያሉት ሰው እናንተን አምኖ ቀልሃውን ምግብ የሚበላበት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ እንዳያጸዳ ነው የምፈራው።